ስለማያስፈራው አስፈሪ ፊልም

ሊያስፈራ የተሠራ ፊልም ተመልካቹን ሲያስቅ፣ ሣቁ ንቀት ነው ወይስ ፍቅር? አሜሪካዊው ኤድ ዉድ በጥቂት ገንዘብ ባዘጋጀው «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» ውስጥ የመቃብር ሐውልቶች ሲነኩ ይወዛወዛሉ፤ በአንድ ትዕይንት ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ። ዝነኛው ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለሞተ፣ አስቀድሞ በተነሡት ጥቂት ምስሎች ላይ ፊቱን በካባ የሸፈነ ሌላ ሰው ተተክቶ ታሪኩ እንዲቀጥል ተደርጓል። የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ገንዘብ የተረፈው ፊልም ጉድለቱን በቴክኒክ ይሸፍናል፤ በዚህኛው ግን የሠሪው ምኞትና የእጁ አቅም ጎን ለጎን ቆመው ስለሚታዩ፣ ተመልካቹ ሲሥቅ የራሱንም ድካም ያያል። ከንቀት የራቀው ሣቅ ከዚህ ይመነጫል። ሆኖም ዉድ በ1978 በድህነት ሞተ፤ ፊልሙ «ከሁሉ የከፋ» ተብሎ ስሙ የገነነው በ1980 ነው። አድናቂዎቹ የበዙት ከዚያ ወዲህ በመሆኑ፣ ጭብጨባው ለባለቤቱ አልደረሰውም።