የጥንት ተረት ለተማሪ ድርሰት ይበጃልን?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ከከንቱ ተረት እንዲርቅ አስጠንቅቆታል። ይህን ይዘው፥ ያልሆነ ነገር የሚተረክበት የጥንት መጽሐፍ ወደ ተማሪ እጅ ሊገባ አይገባም የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሐሰት መደሰትን የለመደ ልጅ እውነትን ይንቃልና። ነገር ግን ሐዋርያው የነቀፈው ከእውነት የሚያወጣውን ተረት እንጂ ወደ እውነት የሚያደርሰውን ምሳሌ እንዳልሆነ ልናስተውል ይገባናል።

በመጽሐፈ መሳፍንት በ9ኛው ምዕራፍ የጌዴዎን ልጅ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ፥ ንጉሥ ፍለጋ ስለ ሄዱ ዛፎች ለሴኬም ሰዎች ተናገረ። ዛፍ እንደማይሄድና እንደማይናገር ሰሚዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ንግግሩ ስለ አቤሜሌክ ክፋት ነበርና እውነት ሆኖ ተገኘ። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት ለወጣቶች በጻፈው ምክር የአረማውያንን መጻሕፍት ፈጽመው እንዲጥሉ አላዘዘም፤ ንብ ከአበባ የሚበጃትን ብቻ እንደምትወስድ እነርሱም መርጠው እንዲወስዱ አስተማረ እንጂ።

የእኛም አበው በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የአራዊትንና የአዕዋፍን ድንቅ ጠባይ ይናገራል። የአንበሳ ደቦል ሙት ሆኖ ይወለዳል፤ በሦስተኛው ቀን አባቱ እፍ ሲልበት ሕያው ይሆናል ይላል። ይህን አራዊትን የሚመረምሩ ሊቃውንት አይመሰክሩለትም፤ መጽሐፉ ግን ወዲያው ወደ ጌታ ትንሣኤ ያሸጋግረናል። የመቄዶንያው ንጉሥ የእስክንድር ዜናም በግእዝ ሲጻፍ፥ አረማዊው ንጉሥ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሆኖ ቀርቧል።

የቅኔ ቤት ሥርዓትም ይህንኑ ያጸናል። የኔታ ታሪኩን ይነግራሉ፤ ደቀ መዝሙሩ ግን የሰማውን መልሶ አይደግምም፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ አዲስ ቅኔ መቁጠርን ይማራል። ታሪኩ ሰም፥ ምስጢሩ ወርቅ ይሆናል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ግን በጓደኞቹ ፊት ያፍራል።

ይህን ሥርዓት በይፋግና በፎገራ ሜዳ ወደሚማረው ልጅ እናምጣው። ይፋግ በቀድሞ ዘመን የነጋዴዎች መንገድና የታወቀች ገበያ ነበረች፤ ከጨውና ከሸማው ጋራ የሩቅ አገር ወሬና ተረትም ይገባባት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ የዚያ አገር ልጅ ስለ ክረምት ድርሰት ጻፍ ቢባልና ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ ቢያመጣ፥ ከተረቱ ይልቅ ሐሰት የሆነው ያ ግልባጭ ነው፤ ያላየውን አየሁ ብሏልና። መምህሩ ግን የደቦሉን ነገር ነግሮ፥ «አንተስ በአገርህ ሞቶ የተነሣ የሚመስል ምን አይተሃል?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ልጁ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባሕር ሲያስመስሉት፥ ውኃ የዋጠው የሩዝ ቡቃያም ተመልሶ ቀና ሲል ያየውን ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን ተረቱ የልጁን ዓይን ከፈተ እንጂ አላሳወረም።

ስለዚህ ከመምህር 2 ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፥ ተረቱን ተረት ብሎ ይንገር፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት እውነት ጋራም አያደባልቀው። ሁለተኛ፥ ወርቁን ራሱ አውጥቶ አይስጥ፤ ልጁም ፈልጎ ሳያገኘው ሰሙን ብቻ ይዞ እንዲሄድ አይተወው። ሰሙን ያለ ወርቅ የሰጠ መምህር ተማሪውን ያሞኛል፤ ሰሙን ፈጽሞ የከለከለም ወርቁ የሚፈስበትን ቅርጽ ይነሣዋል። የሁለቱም ዕዳ በመምህሩ ላይ ነው።

እግዚአብሔር ለመምህራኑ ማስተዋልን፥ ለተማሪዎቹም ጥበብን ያድልልን። አሜን።