ሳይበድል የሚፈረድበት

ወንጀል ሳይሠራ፣ ይሠራ ይሆናል ተብሎ ብቻ በሞት የሚቀጣ አለ ቢባል፣ ቅን አንባቢ ፍርዱን ግፍ ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ፍርድ ግን ከደረት አጥንት በስተኋላ፣ ከልብ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ዕጢ ውስጥ፣ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ ሲፈጸም ኖሯል። ዕጢው ታይመስ ይባላል። ጥቅሙ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ፣ የበሽታ መከላከያ ሠራዊት የሚሠለጥንበት ሥፍራ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳየው ዣክ ሚለር ነው።

ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ዕጢ ነው። ዘራቸው ከአጥንት መቅኒ ተነሥቶ ወደዚያ ይገባል፤ እዚያም እያንዳንዱ ሕዋስ ጠላትን የሚለይበትን መቀበያ ዕጣ እንደሚጣል ያህል ያበጃል። ነገሩ ዕጣ በመሆኑ አንዱ በዓለም ላይ ገና ላልታየ ተውሳክ ይገጥማል፤ ሌላው ደግሞ የገዛ አካሉን ቆሽት ወይም ነርቭ የሚወጋ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ፈተና አለ፤ ፈተናውም ሁለት ነው። የአካሉን መታወቂያ ምልክት ጨርሶ መለየት የተሳነው ሕዋስ ገዳይ ሳያስፈልገው፣ «በሕይወት ቆይ» የሚለው መልእክት ስላልደረሰው ብቻ ይሞታል። የገዛ አካሉን አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ራሱን እንዲያጠፋ ይታዘዛል። ከገቡት መካከል በደኅና የሚወጡት ከመቶ አምስት ያህል ቢሆኑ ነው። ራስን የሚያጠቁ ሕዋሳት ገና በለጋነታቸው ይወገዳሉ የሚለውን ሐሳብ አስቀድሞ ያቀረበው አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ካፕለርና ፊሊፓ ማራክ በታይመስ ውስጥ ሲፈጸም በአይጦች ላይ አሳይተዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የፈተናው አካሄድ ነው። ኢንሱሊን የሚሠራው በቆሽት ነው፤ በታይመስ ያለ ለጋ ሕዋስ ታዲያ ኢንሱሊንን ከየት አይቶ ያውቃል? ኤየር የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታወቀ አንድ ጂን አለ፤ እርሱም የሩቅ ብልቶችን ፕሮቲኖች በጥቂት በጥቂቱ በዚያው በታይመስ ውስጥ ያሠራቸዋል። ይህ ጂን የተበላሸበት ሰው ዕጢዎቹ በገዛ ሠራዊቱ ይጠቃሉ። እንግዲህ በሕዋሱ ላይ የሚፈረደው ነገሩ ራሱ ፊቱ ቀርቦ ከታየ በኋላ እንጂ በወሬ አይደለም።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሀገርን በአካል፣ ተቃዋሚን በደዌ መመሰል ገዥዎች የሚወዱት አነጋገር ነው፤ የእኛም ትውልድ በወጣትነቱ ሰምቶታል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰከሱ፤ በዚያ ዓመትና በሚከተለው በየቀበሌው «ፀረ ሕዝብ» የተባለ ሁሉ ታደነ። ለመጠርጠር የጎረቤት ጥቆማ ይበቃ ነበር። ከአካል የተቀዳ ሕግ ለሰው ማኅበር ይሆናልን? ሕዋስ እናት የለውም፣ ስም የለውም፣ ከሐሳቡ ሊመለስም አይችልም። ይህ አንዱ ልዩነት ብቻውን ክርክሩን ይዘጋል ባይ ነኝ። ይሁንና ምሳሌውን እንቀበል ብንል እንኳ፣ አካል ራሱ ለእነርሱ አይመሰክርላቸውም።

አካል በመግደል ብቻ አይጠበቅምና። ከታይመስ ፈተና የሚያመልጡ አሉ፤ በጤናማ ሰው ደም ውስጥም ይገኛሉ። እነርሱን የሚገቱ ሌሎች ቲ ሴሎች መኖራቸውን ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 አስረዳ። እዚሁ ከሲያትል በስተሰሜን፣ በቦተል በነበረ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ፣ በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት የሚሞቱ ወንድ አይጦችን ደዌ ሥሩን ሲፈልጉ ፎክስፒ 3 የተባለውን ጂን አገኙ፤ ይኸው ጂን ሲበላሽ በሕፃናት ወንዶች ላይም ከባድ ሕመም እንደሚያመጣ በ2001 ታወቀ። ገቺዎቹን ሕዋሳት ገቺ የሚያደርጋቸው እርሱ ነው። ሦስቱ በ2025 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። (ብራንኮው እዚሁ በከተማችን ተኝታ ሳለች ከስዊድን የተደወለላትን ስልክ የአጭበርባሪ ጥሪ መስሏት ሳታነሣው ቀርታ ነበር።)

ገቺዎቹ ከየት መጡ ቢባል፣ አብዛኞቹ ከዚያው ከታይመስ ናቸው፤ ያውም የገዛ አካላቸውን ከሌሎቹ አጥብቀው ከሚያውቁት መካከል። ለጥቂት ከሞት ፍርድ የተረፉት እነዚህ፣ ያ ብርቱ ዕውቀታቸው ሳይወሰድባቸው ጠባቂዎች ሆነው ይወጣሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሬሳቸው የተጣለው ልጆች፣ ገዳዮቻቸው ምንም ቢሏቸው፣ ሀገራቸውን አጥብቀው የያዙ ነበሩ። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።