የዝምታ ዋጋ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከአገሩ መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ነው። ስድስት ዓመት ቆየ። በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ሲገልጽ ይቆይና በመካከል ይቆማል። ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ይሰጋል፤ የጻፈው እውነት ለመሆኑም በእግዚአብሔር ስም ይምላል። ይህ መሐላ ከሥራዬ ጋር አብሮኝ ይኖራል። አንድ ካህን ስላየው ድንጋይ መማል ያስፈለገው አንባቢው ሄዶ ማረጋገጥ ስለማይችል ነው። ስለ ሩቅ ቦታ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ቢምልም ባይምልም፣ ምስክርነት እየሰጠ ነው።

አልቫሬስ ግን የመልእክተኞቹ ካህን ነበር፤ እንጀራው ከገጹ አልመጣም። የእኔ ከገጹ ነው። ቋሚ ደመወዝ የለኝም። አንዱን ወር ለአስጎብኚ ድርጅት፣ ሌላውን ለሆቴል በራሪ ወረቀት፣ ሲቀናኝ ደግሞ ለመጽሔት የጉዞ ማስታወሻ እጽፋለሁ። የመጓጓዣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከኪሴ ይወጣል። ክፍያው የሚደርሰኝ ጽሑፉ ከወጣ ከወራት በኋላ፣ ግብሩ ተቆርጦ ነው፤ የቤት ኪራይ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል። እንዲህ የምትኖር ሴት የታመነች ምስክር መሆን ትችላለች ወይ? ጥያቄውን ይዤ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባቴ ነበር።

እሳቸው ገንዘቡ አላስጨነቃቸውም። ያነሡልኝ ሐዋርያው ጳውሎስን ነው። ወንጌልን የሚያስተምር በዚያው መኖር እንደሚገባው ለሌሎች ተከራክሮ፣ ራሱ ግን በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ኖረ። ቀጥለውም የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የሞከረውን ሲሞንን አነሡ። "ልጄ፣ አንቺ የምትሸጪው ድካምሽን ነው ወይስ ስጦታውን?" አሉኝ።

መልሱን የፈለግሁት በብራና ጸሐፊዎቻችን ዘንድ ነው። ቆዳውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ ለወራት ጎንበስ ብለው የሚጽፉት ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ለድካማቸው ይከፈላቸዋል፤ ማንም ነውር አላለውም። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ በብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚገኘው ልመና ነው። ለጻፈው ብቻ ሳይሆን ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመው፣ ለሰማውም ምሕረት ይለመናል። ያስጻፈው፣ ማለትም ገንዘቡን ያወጣው ሰው፣ አልተደበቀም፤ ስሙ እዚያው አለ። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። የዛሬውን የጉዞ ጽሑፍ አንሥታችሁ እዩት፤ ለጸሐፊው አልጋና ቁርስ በነጻ የሰጠው ሆቴል በውዳሴ ይጠራል፤ መስጠቱ ግን አይነገርም። አባቶቻችን በዚህ ይበልጡናል ብዬ አምናለሁ።

የከፋዩን ስም መጻፍ ግን ግማሹን ብቻ ይፈታል። ገንዘብ ቃል ብቻ አይገዛም፤ ዝምታም ይገዛል። እኔን የሚከብደኝ ይኼኛው ነው።

በላሊበላ ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ዓምድ አለ። ያለፈውም የሚመጣውም ተጽፎበታል ይባላል፤ አይገለጥም። አንድ የውጭ መጽሔት አዘጋጅ ከጨርቁ ሥር ያለውን የሚነግረኝ ሰው እንድፈልግ፣ ካጣሁም የሚወራውን አሳምሬ እንድጽፍ ጠየቀኝ። የጻፍኩት ይህን ነው፦ ዓምዱ ተሸፍኗል፤ ካህኑ አልገለጡልኝም፤ እኔም ይግለጡልኝ አላልኩም። አዘጋጁ ቅር አለው፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ዐረፍተ ነገር በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለኝም። ቤቱ ያመነኝ እንግዳ አድርጎ ነው፤ ያየሁትን ለማውራት ፈቅዶልኛል፤ የሸፈነውን አልሰጠኝም። አንባቢውም አልተታለለም፤ ዝም ማለቴን ያውቃል፤ ለምን ዝም እንዳልኩም ያውቃል።

ሌላውን ዝምታ የተጠየቅሁት በዚያው ከተማ ጉዳይ ነው። ላሊበላ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ እንግዳ አጣች፤ በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ደረሰባት፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ስለ ገና በዓል እንድጽፍ አዘዘኝ። ሌሊቱን ያደረው ነጭ የለበሰ ምእመን፣ ጠዋት በቤተ ማርያም ከላይ በዐለቱ አፋፍና ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው ካህናቱ እየተቀባበሉ የሚዘምሩት ቤዛ ኩሉ፣ ሁሉም ይግባ ተባለ። "መንገዱን ብቻ አታንሺ" አሉኝ። እኔ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው። በመኪና የመጡ ምእመናን ግን የት የት እንደቆሙ፣ የት እንዳደሩ፣ ምን እንደፈሩ ነግረውኛል።

ያዘዙኝ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት የሐሰት ዐረፍተ ነገር አይኖርም ነበር። ዝማሬው እውነት ነው፤ ነጩ ልብስ እውነት ነው። ሆኖም ያን አንብባ ልጆቿን ይዛ በመኪና የምትነሣ እናት በእኔ ምስክርነት ተታልላ ትወጣለች። በሐሰት አትመስክር የተባለው ትእዛዝ የሐሰት ቃልን ብቻ የሚከለክል አይመስለኝም፤ እውነትን ቆራርጦ ሰውን ማሳሳትም በዚያው ውስጥ አለ። የጨርቁን ዝምታ አንባቢዬ ያየዋል። የመንገዱ ዝምታ ግን ጥቅም የሚሰጠው እስካልታየ ድረስ ነው፤ የሚከፈልበትም ለዚህ ነው። አንዱን ጠብቄ ሌላውን እንድሰብር የሚያደርገኝ ይህ ልዩነት ነው። እናም የሄድኩበትን ቀን፣ በምን እንደሄድኩ፣ የመንገደኞቹንም ወሬ ጨምሬ ጻፍኩ። ድርጅቱ ጽሑፉን አልወሰደውም፤ ክፍያም አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ልቤ አርፏል። ያላረፈው ከአስጎብኚዬ ጋር ባደረግነው ንግግር ነው። የላሊበላ ልጅ ነው፤ እንግዳ ከጠፋ ወዲህ የሚያርሰው መሬት ሳይኖረው ቤተሰብ ያኖራል። ጽሑፉን በስልክ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "እህቴ፣ ውሸት ጻፊ አልልሽም። ግን የአንቺን እውነት ዋጋ የምከፍለው እኔ ነኝ። አንቺ ነገ ስለ ባሌ ተራሮች ትጽፊያለሽ፤ እኔ የት እሄዳለሁ?" አለኝ።

ጳውሎስ ድንኳን ሲሰፋ የደከመው በገዛ እጁ ነው፤ ነጻነቱን የገዛውም በራሱ ላብ ነው። የእኔ ነጻነት ግን የዚህን ሰው ገበያ ይነካል። በመንገድ ላይ ያለች እናት ነፍስ ከእንግዳ ገቢ እንደምትበልጥ አልጠራጠርም፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እጽፋለሁ። እሱ ግን ያነሣው ማን ይበልጣል የሚለውን አይደለም፤ የተመረጠው እውነት ወጪ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ነው፤ ለዚህ ንስሐ አባቴም የሚበቃ መልስ አላገኙልኝም። አሁን በእሱ አገር ላይ ከምጽፈው ማንኛውም ነገር የማገኘው ክፍያ ሲደርሰኝ አስቀድሜ የእሱን የአስጎብኚነት አበል እልካለሁ፤ ስሙንም ፈቃዱን ጠይቄ እጽፋለሁ። ሲደርሰው ያመሰግነኛል፤ ያነሣውን ጥያቄ ግን እንደተወው አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።