ከአርባው አንዱ



ሐረር ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ረመዳን በገባ በሃያ ሰባተኛው ቀን ከባንክ አዳዲስ ባለ አሥር ብር ኖቶችን በእስር በእስሩ ያወጣል። ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቁ በር ላይ ሰልፍ ይያዛል፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ በትር የያዙ ሽማግሌዎች፣ ከኤረር በኩል በእግራቸው የመጡ ልጆች። ለእያንዳንዱ አንድ፣ ልጅ ላዘለችው ሁለት። የመጨረሻው እስር ሲያልቅ እጁን አራግፎ «አልሐምዱሊላህ፣ ዘካዬን አወጣሁ» ይላል።

ባለፈው ዓመት አጠገቡ ቆሜ ነበርና «ስንት ሆነ?» አልኩት።

«አሥር ሺህ።»

«ከስንቱ?»

ዝም አለ። ጠረጴዛው ላይ ሚዛኑ ተቀምጧል። በዚያ ሚዛን በርበሬ በግራም ይመዘናል፤ ቡና ሲመዘን ፍሬ ይጨመራል፣ ፍሬ ይቀነሳል። የዱቤ ደብተሩ ከሚዛኑ ሥር ነው፤ ማን በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ ስኳር እንደወሰደ ተጽፏል። ወዳጄ ደብተሩንም ሚዛኑንም አየና «አቦ ኡስታዝ፣ ለአላህ የሚሰጥ ነገር ይቆጠራል እንዴ?» አለኝ።

ይህ ምክር ለእሱ የተጻፈ ነው። እሱን የሚመስል ሰው ስለበዛ ግን ለሁላችንም ይሁን።

አዎ፣ ይቆጠራል። በፈቃድህ የምትሰጠውን ሶደቃ ሳትቆጥር ብትሰጥ ያምርብሃል፤ ቀኝህ ሲሰጥ ግራህ ባያይ እሰየው። ዘካ ግን ሌላ ነው። ሀብትህ ኒሷብ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን ደርሶ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት፣ ከአርባው አንዱ ኪስህ ውስጥ የተቀመጠ የሰው ገንዘብ ነው። የሰውን ገንዘብ ሳይቆጥር የሚመልስ ባለአደራ ማን አየ? ለጎረቤትህ ያስቀመጥክለትን መቶ ሺህ ብር ሲጠይቅህ «እንካ አሥር ሺህ፣ አላህ ይቀበለኝ» ብትለው ምን ይልህ ነበር?

የዘካ ስም ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 የመካ ስደተኞች ወደ ሐበሻ መምጣት ጀመሩ። ቁረይሾች ተከታትለው መልእክተኛ በላኩ ጊዜ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ በንጉሡ በነጃሺ ፊት ቆሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን እንዳስተማሯቸው ተናገረ። እውነት መናገርን፣ አደራ መጠበቅን፣ ዝምድና መቀጠልን ዘረዘረ፤ ሶላትንና ጾምን ሲጠራ በመካከላቸው ዘካን ጠራ። የዘካ መጠንና አወጣጥ ዝርዝሩ የተደነገገው ከዓመታት በኋላ መዲና ላይ ነው። ስለዚህ የሐበሻ ምድር የዘካን ስም የሰማችው መዲና ሒሳቡን ከመስማቷ በፊት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ትንሽም አፍራለሁ፤ ስሙን ቀድመን ሰምተን ሒሳቡን ዛሬም ድረስ ያልጨረስን ብዙ ነን።

ሒሳቡ ይኸው። ኒሷብ በወርቅ 85 ግራም፣ በብር ማዕድን 595 ግራም ያህል ነው። የሐረር ነጋዴ በማርትሬዛ ብር በሚገበያይበት ዘመን ነገሩ ለማሰብ ቀላል ነበር። በአንዱ ማርትሬዛ ውስጥ ከ23 ግራም የሚበልጥ ንጹሕ ብር ስላለ፣ ሃያ ስድስት ማርትሬዛ በሣጥኑ አኑሮ ዓመት የዞረበት ሰው ዘካ አለበት ማለት ነው። ሃያ ስድስቱን በአንድ መሐረብ ቋጥሮ መያዝ ይቻላል። ዛሬ የወረቀት ብሩ ዋጋ እየወረደ፣ የወርቁ እየናረ ሲሄድ በወርቁና በብር ማዕድኑ ሚዛን መካከል ያለው ርቀት ሰማይና ምድር ሆኗል። በወርቅ ቢለካ ዘካ የማይነካው ሰው በብር ማዕድን ቢለካ ዘካ አውጪ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ዑለሞች ለድሃው ስለሚበጅ በብሩ ለኩ ይላሉ፤ እኔም ልቤ ወደዚያ ያዘነብላል። በወርቁ የሚለኩም አሉ፣ አልነቅፋቸውም። የምነቅፈው በአንዱም ያልለካውን ነው።

የወዳጄን ሱቅ አብረን ቆጠርን። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ፍሪጁ አይቆጠርም፤ የሥራ ዕቃ ነው። ለሽያጭ የተቀመጠው ሸቀጥ በገዛበት ዋጋ ሳይሆን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ሲሰላ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር መጣ። ባንክና ቴሌብር ላይ ያለው 500 ሺህ። (ቴሌብሩን ሊረሳው ነበር፤ ስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ገንዘብ አይመስለውም መሰለኝ።) በዱቤ ደብተሩ ካለው፣ ያለ ጥርጥር ይከፈለኛል ያለው 300 ሺህ። ድምሩ 4 ሚሊዮን፤ ለአርባ ሲካፈል 100 ሺህ ብር። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ይቀንስ ወይስ አይቀንስ የሚለው ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ወዳጄ ግን ዕዳ የለበትም።

ወረቀቱን አየ፤ መልሶ አየ። «ዘጠና ሺው የታለ?» አላልኩትም፤ ራሱ ነው ያለው።

ሌላም ነገር ነበረበት። የግብር ሒሳቡን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የዘካውም ዓመት በዚያው የሚዘጋ መስሎት ኖሯል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው፤ ከፀሐዩ በአሥራ አንድ ቀን ያጥራል። በፀሐይ ዓመት ሠላሳ ሁለት ጊዜ ዘካ ያወጣ ሰው በጨረቃው ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል አልፎበታል። የአንድ ሙሉ ዓመት የድሆች ድርሻ በካላንደር ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ቀረ ማለት አይደል? ለገቢዎች የምትከፍለው ግብርም ዘካ አይሆንልህም፤ ያ ለመንገዱና ለውኃው ነው፣ ኒያውም ተቀባዩም ሌላ ነው።

ከጀጎል ግንብ ወጣ ብለን ወደ ገበሬው እንሂድ። ማሽላ የሚያመርት ሰው ዓመት አይጠብቅም፤ ዘካው በአጨዳው ጊዜ ነው። አምስት ወስቅ፣ ማለትም ወደ ስድስት ኩንታል ተኩል ከደረሰ፣ ዝናብ ያበቀለው ከሆነ ከአሥር አንድ፣ በሞተር ውኃ ስቦ ያጠጣው ከሆነ ከሃያ አንድ። የድካሙና የወጪው ልዩነት በሒሳቡ ውስጥ ገብቷል፤ ሸሪዓው የገበሬውን ላብ ሳይመዝን አላለፈም። ነገር ግን በሐረርጌ ስንቱ የማሽላ ማሳ ጫት ሆነ! በሻፊዒ መዝሀብ፣ አብዛኞቻችን በምንከተለው፣ የእርሻ ዘካ የሚወጣው ተቀምጦ ከሚበላ ቀለብ ነው፤ ጫት ደግሞ ማግስቱን የማያይ ቅጠል ነው። ስለዚህ አንዳንዱ «ጫት ዘካ የለበትም» ብሎ እፎይ ብሏል። (ጫት ራሱ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍትም፤ ከከፈትኩት ዙህርም ያልፋል።) ቅጠሉ ላይ የለም እንበል። አወዳይ የጫት ገበያ ላይ ተሸጦ የመጣው ገንዘብስ? ባንክ ገብቶ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲዞረው ከአርባው አንዱ ይጠብቀዋል። ድሮ ማሽላው አውድማ ላይ ሲከመር ድሃው በዓይኑ ያይ ነበር፤ ገበሬውም ዓይኑን ያፍር ነበር። የዛሬውን ገንዘብ ከባለቤቱ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ ቆጠራው በአላህና በእሱ መካከል ብቻ ቀርቷል፤ ይህ ነገሩን ቀላል አያደርገውም።

ሴቶች ደግሞ ስለ ወርቃቸው ይጠይቁኛል። በሻፊዒ ዘንድ ሴት ልጅ በተለመደው መጠን ለመዋቢያ የያዘችው ጌጥ ዘካ የለበትም፤ በሐነፊዎች ዘንድ አለበት። ለሠርግ፣ ለሸዋል ዒድ አውጥታ የምታደርገው የእናቷ ጌጥ ከሆነ ትዋብበት። ግን እህቴ፣ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዋጋው ሲጨምር ይሸጣል ተብሎ የተቀመጠውን ጌጥ ብለሽ አትጥሪው። አንገትሽን የማያውቅ ወርቅ ጌጥ አይደለም፤ ያ የተከማቸ ሀብት ነው፣ ይመዘን።

አሁን የተቀባዩን ነገር ልናገር፤ እዚህ ላይ ሆድ የሚብሰኝ ነገር አለ። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ አላህ ስምንት ወገኖችን ቆጥሮ አስቀምጧል፤ ድሆች፣ ምስኪኖች፣ ዘካ ሰብሳቢዎች፣ ልባቸው የሚለመድ፣ ነፃነታቸውን የሚሹ ባሮች፣ ዕዳ ያጎበጣቸው፣ በአላህ መንገድ ያሉ፣ መንገደኛ። በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በመዘገባት በዚህች 48 ሄክታር ከተማ፣ 82 መስጂዶች አሉን። አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ዘካውን ለመስጂድ ምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ አውጥቶ የጨረሰ ሰው ሲገጥመኝ እጨነቃለሁ። የአራቱ መዝሀቦች ዑለሞች በብዛት ዘካ ለመስጂድ ግንባታና ዕቃ አይሆንም ብለዋል። ምንጣፉን በሶደቃ ግዛ፤ ወቅፍ አድርግ። የድሃው ድርሻ ላይ ግን ቆመህ አትስገድ። ለእናትህ፣ ለአባትህ፣ ለልጅህም አይሰጥም፤ እነሱን ማኖር ቀድሞም ግዴታህ ነው። ላጣች አክስትህ፣ ሥራ ለፈታ ወንድምህ ግን ይሰጣል፤ አጅሩም ድርብ ነው። ሙስሊም ላልሆነው ጎረቤትህስ? ዘካው በአብዛኛው ዑለማእ ዘንድ ለሙስሊሙ ነው፤ የሶደቃው በር ግን ለማንም የተከፈተ ነው፣ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላለውም ጭምር።

ዕዳ ያጎበጠው ሰው ሰልፍ ላይ አይቆምም። ልጁን ለማሳከም ተበድሮ ከአበዳሪው ለመሸሽ በጠባቡ ጀጎል ውስጥ መንገድ የሚቀይር ሰው ባለ አሥር ብር ለመቀበል ሱቅ በር ላይ አይመጣም። ወደ ጅቡቲ በእግር ሊሻገር ተነሥቶ ስንቁ አልቆበት የቀረ ልጅም አገሩ ስላልሆነ ማንም አያውቀውም። ሰልፍ የሚያመጣልህ የለመነውን ነው፤ ያልለመነውን አንተ ፈልገህ ማግኘት አለብህ። ለዚህ ደግሞ ሐረር ብዙ ከተማ የሌለው ነገር አላት፤ የመረዳጃ ማኅበሯ አፎቻ። የሴቶቹም የወንዶቹም አፎቻ ሠርግና ለቅሶ ሲያደርስ የየቤቱን ጓዳ ያውቃል፤ የማን ምድጃ ስንት ቀን እንዳልነደደ ይሰማል። ያንን ዕውቀት ለዘካ ብንጠቀምበት ምን ይጎድለናል? አደራ፣ መዋጮውን ራሱን ዘካ አታድርጉት። የአፎቻ መዋጮ ነገ ለአንተ ለቅሶ የሚመለስልህ ነው፤ ዘካ ወደ አንተ አይመለስም።

በረመዳን መጨረሻ የምናወጣትን ፊጥራ ከዚህ ጋር የሚያምታታም አለ። ፊጥራ በነፍስ ወከፍ ናት፤ ከአገሩ ቀለብ አንድ ሷዕ፣ ማለትም አራት እፍኝ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ፣ ከዒድ ሶላት በፊት። የዕለቱ ቀለብ የተረፈው ድሃም ያወጣታል። እሷን አውጥቶ «ዘካዬን ጨረስኩ» የሚል ባለ ሱቅ፣ የራሱን ነፍስ ዘካ ሰጥቶ የሱቁን አስቀረ ማለት ነው።

ኸሊፋው አቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ.) ነቢዩ ባለፉ ማግስት «እንሰግዳለን፣ ዘካ ግን አንሰጥም» ያሉትን የተዋጋቸው፣ ስለ አንዲት የግመል ማሰሪያ ገመድ እንኳ አልደራደርም ብሎ ነው። ዛሬ ሰይፍ የሚመዝብህ የለም፤ ደብተሩንም የምትገልጠው አንተው ነህ።

ወዳጄ ዘንድሮ ሻዕባን ላይ ሱቁን አንድ ቀን ዘግቶ ቆጠረ። ሀብቱ መጀመሪያ ኒሷብ የሞላበትን ቀን ማስታወስ ስላልቻለ የረመዳን መግቢያን የዓመቱ ቀን አድርጎ ያዘ። ከዘካው የተወሰነው የአንዲት እናትን የሕክምና ዕዳ ዘጋ። በተወሰነው ደግሞ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በሆነው መኪና ግርግር ላይ በሰው መኪና በተከራይነት ይሰፋ የነበረ ልጅ የራሱን የስፌት መኪና ገዛ፤ ኢማም ነወዊን የመሰሉ የሻፊዒ ሊቃውንት ለባለ ሙያ የሙያው መሣሪያ መግዣ ይሰጠው ይላሉና። ልጁ ገንዘቡ ከማን እንደመጣ አያውቅም፤ ዘካ መሆኑንም አልነገሩትም፣ መንገር ግዴታ አይደለም። በሃያ ሰባተኛው ቀን ሰልፉ እንደ ልማዱ መጣ፤ ወዳጄም ባለ አሥር ብሩን እንደ ልማዱ በተነ፤ ሶደቃ ብሎ።

ሰልፉ ሲበተን አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ያለፉት ዓመታትስ?»

ያልተከፈለ ዘካ በዘመን ብዛት አይጠፋም፣ ዕዳ ነው አልኩት። የምታስታውሰውን አስታውስ፣ የማታስታውሰውን በጥንቃቄ ገምት፣ ስትገምት ወደ ድሃው አድላ። ከዚያ ወዲህ ከሚዛኑ ሥር ሁለት ደብተር አለ፤ አንዱ የዱቤ፣ አንዱ የዘካ። ማታ ማታ ሱቅ ሲዘጋ የድሮ ደረሰኞችን እያወጣ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ «የት ደረስክ?» አልኩት።

ብዕሩን ከአፉ አወጣና «2013 ላይ ነኝ» አለኝ።