ለአንድ ቀን የተገጠመ ቃል

ገጣሚ በዕድሜው ማምሻ የሚያሳትመው መድበል ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ግጥም ይይዛል፤ አንደኛው ስለ ሞት፣ ስለ ፈጣሪና ስላለፈው ዕድሜ ያሰላሰለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለልደት፣ ለኀዘን፣ ለበዓል ወይም ለወዳጅ ስንብት የተገጠመ፣ የታወቀ ቀንና የታወቀ አድማጭ የነበረው፣ «የአጋጣሚ ግጥም» ሊባል የሚችለው ነው። ሃያስያን የመጀመሪያውን አክብረው ሁለተኛውን እንደ ትርፍራፊ ማየታቸው የተለመደ ነው፤ ከዚህ ልማድ ጀርባ ግን የፍልስፍናም የሃይማኖትም የሆነ አንድ ጥያቄ አለ፦ ለሚያልፍ ሰዓት የተነገረ ቃል፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እውነትነቱ በምን ይጸናል?

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ በሥራ ሲመልሱ ኖረዋል። ቅኔ፣ ማለትም በግእዝ የሚደረስና በማኅሌት መካከል የሚቀርብ ድርሰት፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ለዕለቱ በዓል አዲስ ሆኖ ይዘረፋል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ለባለቅኔው ነውር ነው። ምስጋናው በየዕለቱ አዲስ መሆን ይገባዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ የቅኔው ዕድሜ ማጠር እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ እንዲያውም ቅኔውን መሥዋዕት የሚያደርገው ያው አንድ ጊዜ ብቻ መቅረቡ ነው። የቀደሙትን ቅኔዎች ሰብስበው ያሳተሙ እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉ ሰዎች ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ይሁንና ቅኔው የተባለበትን ምክንያት ያልሰማ አንባቢ ሰሙን ቢያገኝ እንኳ ወርቁ፣ ማለትም ከላዩ ንግግር በታች የተሰወረው ምሥጢር፣ ሊያመልጠው ይችላል።

በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ ባለችው ኮንጋና በአካባቢዋ ጥያቄው በሌላ መልክ ይታያል። ሶንጎ በሚባለው ሽማግሌዎች ጉዳይ በሚያዩበት ሸንጎ የሚሰጥ ምርቃት ለተሰበሰበው ሰውና ለቀረበው ጉዳይ የሚነገር ነው፤ ተሰብሳቢው ካልተቀበለውም ምርቃቱ አልሞላም። በዚያው ዞን፣ ለምሳሌ በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ፣ ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት በአንደኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የቆሙ መሆናቸውን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አመልክቷል። ዘመኑ ተለካ፤ ድንጋዩ ሲተከል የተባለው ግን፣ ልቅሶም ይሁን ምርቃት፣ ጠፍቷል። ጽኑው ነገር ቀርቶ ለሰዓቱ የተነገረው ሲጠፋ፣ የቀረውም ለማን እንደቆመ መናገር ይሳነዋል፤ ስለዚህ ቃሉን ከድንጋዩ ያነሰ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይመስልም።

ጎተ የተባለው የጀርመን ባለቅኔ በ1823 እ.ኤ.አ.፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ግጥሞቹ ሁሉ አጋጣሚ የወለዳቸው መሆናቸውን ለወዳጁ ለኤከርማን ነግሮታል። ከኢትዮጵያውያን ደግሞ ወለጋ ውስጥ የተወለደው ሰሎሞን ደሬሳ የሚጠቀስ ነው። በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው «ልጅነት» የተለመደውን የቤት አመታት፣ ማለትም በስንኝ መጨረሻ ድምፅ የማመሳሰልን ሥርዓት፣ በማላላቱ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ሁለተኛው መድበሉ «ዘበት እልፊቱ» ግን የወጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ገጣሚው በአሜሪካ ከኖረ በኋላ ነው። በ2010 ዓ.ም. በሚኒሶታ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በሁለት መድበሎች ብቻ መታወቁ፣ ለመናገር አለመቸኮሉን ያሳያል። እንዲህ ዘግይቶ የሚመጣ መጽሐፍ ወጣቱ ሊያውቀው የማይችለውን ይዞ ይመጣል፤ ግጥም የተገጠመላቸው ብዙዎቹ ሞተዋልና የሠርግ ስንኝ እንኳ ከመቃብር አጠገብ ይነበባል።

ታዲያ ያ የሠርግ ስንኝ ሙሽሮቹ ካለፉ በኋላ ሐሰት ይሆናልን? አይሆንም። ዜና ነገሩ ሲለወጥ ያረጃል፤ የአጋጣሚ ግጥም ግን ባሕርዩ ከዜና ይልቅ ለቃል ኪዳን ይቀርባል። ኪዳን በአንድ ቀን ይገባል፣ ቀኑም ያልፋል፣ ኪዳኑ ግን ያንኑ ቀን እያስታወሰ በሌሎች ቀናት ሁሉ ላይ ይሠራል፤ እውነትነቱም ለተነገረለት ሰው ታማኝ በመሆኑ ነው። ከዚህ የተነሣ፣ በእርጅናው ግጥሞቹን የሚሰበስብ ገጣሚ የዘመን ሁሉ እንዲሆኑለት ብሎ ስምና ቀን ሲፍቅ ያጎድላቸዋል እንጂ አያሳድጋቸውም። የቅኔ መምህራን ቅኔውን ከመፍታታቸው በፊት የተባለበትን በዓል፣ ቦታና ምክንያት መንገራቸው ስለዚህ ነው፤ መድበል የሚያሰናዱ ሰዎችም ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ያንን ያህል ሊጽፉ ይገባል፤ የሶንጎን ምርቃት የሚመዘግቡም ቢሆኑ ከሽማግሌው ቃል ጋር ለማን እንደተነገረና ተሰብሳቢው ምን ብሎ እንደተቀበለው አብረው መያዝ አለባቸው።