መሬትን ያለ ካሳ መውረስና የፍትሕ ጥያቄ

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግለሰብን መሬት ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ሲወስድ የሚከፍለው ምትክ ካሳ ይባላል። በደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ሲያከራክር የቆየው፣ ይህ ካሳ ጨርሶ ሊቀር ይችላል ወይ የሚለው ጉዳይ ሲሆን፣ በሥሩ ያለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ግን ያለ ዋጋ የተነጠቀን ነገር ለማስመለስ ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ጥቁሮች መሬት ሊገዙ ወይም ሊከራዩ የሚችሉበትን ስፍራ ከአገሪቱ 7 በመቶ ገደማ በሆነ መሬት ወሰነው፤ ጋዜጠኛው ሶል ፕላትጄ በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ እንደመሰከረው፣ በኦሬንጅ ፍሪ ስቴት በነጭ እርሻ ላይ እኩል እያረሱ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ጉልበታቸውንና ከብታቸውን ለባለእርሻው ካላስገዙ በቀር ከነልጆቻቸው ማደሪያ አጥተው ከብታቸውን እየነዱ መንገድ ለመንገድ ተንከራተዋል። ለእነዚህ ሰዎች ካሳ የሚባል ነገር አልታሰበላቸውም።

ይሁን እንጂ ዋጋ ቢከፈልም ፍትሕ ተሟላ ማለት አይቻልም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 ንጉሥ አክዓብ ለናቡቴ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ገንዘብ ሊሰጠው ጠይቆት ነበር፤ ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም በማለቱ በሐሰት ምስክር ተወንጅሎ ተገደለ። ርስት ከገበያ ዋጋ በላይ የሆነ ነገር ከያዘ፣ የገበያ ዋጋን የፍትሕ ብቸኛ መለኪያ የሚያደርጉት የካሳ ተሟጋቾች መከራከሪያቸው ይላላል።

ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፖሳ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ያጸደቁት ሕግ፣ ዋጋው እስኪንር ብቻ ያለ ሥራ የተያዘን ወይም ባለቤቱ የተወውን መሬት በመሰሉ ሁኔታዎች፣ ለሕዝብ ጥቅም ፍትሐዊና ሚዛናዊ ሆኖ ሲገኝ ያለ ካሳ መውሰድን ይፈቅዳል። ይህ በራሱ በደል አይደለም፤ አሳሳቢው መሬቱ በማን እጅ እንደሚገባ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በግዥ ያገኛቸውን እርሻዎች በራሱ ስም ይዞ ለጥቁር ገበሬዎች ሲያከራይ ቆይቷል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 31/1967 የባላባቱን መሬት ያለ ካሳ ወርሶ ጭሰኛውን ከገባር ቀንበር ቢያላቅቅም፣ ለአራሹ የሰጠው የመጠቀም መብት እንጂ መሬቱን መሸጥ የሚችልበት ባለቤትነት አልነበረም።

የደቡብ አፍሪካ ምክር ቤት ለ1913ቱ በደል መልስ መስጠት ከፈለገ፣ ከካሳው ክርክር አስቀድሞ ኪራይ ከፋዩ ገበሬ በስሙ የባለቤትነት ሰነድ እንዲያገኝ በሕግ መደንገግ ይኖርበታል።