መልካም አሳብ ብቻውን ይበቃልን?

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፥ ለሌላው መልካም ማሰብ ብቻውን ፍቅር ይባላልን?

በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፥ በድንጋዩ መደብ ላይ የጥብስ ቅጠል ተክለን ነበር። እንዳይጠማው ብለን ጧትና ማታ በየተራ አጠጣነው። ሲጠወልግም ውሃ ያነሰው መስሎን ጨመርንለት። በመጨረሻ ስንነቅለው ሥሩ በስብሶ አገኘነው።

የዚህ ቁጥቋጦ የትውልድ ቦታ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ያለው ደረቅና ድንጋያማ ኮረብታ ነው። ቀጭን ቅጠሉ ውሃ ይቆጥባል፤ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይም ይፈልጋል። በዘሪው ምሳሌ በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ርጥበት አጥቶ ደረቀ፤ ለዚህ ተክል ግን ውሃ የማይቋጥር ጭንጫ ይስማማዋል። እኛ የእርሱን ጥም በራሳችን ጥም ለካን።

«እግዚአብሔር ልብን ያያል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅን ልባችን የበሰበሰውን ሥር አላዳነውም። የወደዱትን ማወቅም የፍቅር ሥራ ነው።

አሁን ከሌላ ተክል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ ቆርጠን፥ የታች ቅጠሉን አራግፈን፥ አሸዋ በበዛበት አፈር ተክለናል። አፈሩን በጣታችን ሳንዳስስ አናጠጣም። እንግዲህ ያዘነ ወንድማችንንም በምክር ከማጥለቅለቃችን አስቀድሞ፥ ምን እንደሚያስፈልገው እንጠይቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።